ቁልቢ በእግር፦ ምን ልልበስ? ምን ልያዝ?

የከዚራዋ

ሰላም የመድረኩ ቤተሰቦች። ዘንድሮ ከሰፈራችን የጉዞ ማኅበር ጋር ለታኅሣሥ ገብርኤል ቁልቢ በእግር ልሄድ ነው። እስከ ዛሬ በመኪና ነበር የምሄደው። ቁልቢን አውቃታለሁ፣ መንገዱን ግን በመስኮት ነው የማውቀው።

ፕሮግራሙ እንዲህ ነው። በ17 አመሻሽ ላይ ከድሬ እንነሳለን። ፀሐይ እንዳይመታን የደንገጎን ዳገት በሌሊት እንወጣለን። 18ን ስንሄድ ውለን ማታ ቁልቢ እንገባለን። እዚያው አድረን፣ 19 አስቀድሰን በመኪና እንመለሳለን። ሻንጣ የሚጭን አንድ አይሱዙ አብሮን ይሄዳል ተብሏል።

አስተባባሪዎቹ የሰጡን ወረቀት ላይ ያለው «ነጭ ልብስ፣ ምቹ ጫማ፣ ስንቅ» ብቻ ነው። ነጭ ልብሱ ገባኝ። ሌላው አልገባኝም። እኔ የድሬ ልጅ ነኝ፤ ቁም ሳጥኔ ውስጥ ያለው ወፍራም ልብስ አንድ ሹራብ ነው፣ እሱም አዲስ አበባ ስሄድ ብቻ የሚወጣ። የሀበሻ ቀሚስ ለብሼ ያን ዳገት እንዴት ነው የምወጣው? ከሥሩ ሱሪ ባደርግ ነውር ነው? ጀርባዬ ላይ ምን ልያዝ፣ አይሱዙው ላይ ምን ልጫን? የምታውቁ እስኪ ንገሩኝ።

የደንገጎ_አቋራጭ

አቦ በርቺ! ገብርኤል ይርዳሽ።

መጀመሪያ አንድ ነገር ልንገርሽ። በዚህ ጉዞ ሰው የሚቸገረው በዳገቱ ሳይሆን በላቡ ነው። ድሬ ከባሕር ጠለል በላይ 1200 ሜትር አካባቢ ናት። ደንገጎ አናት ላይ ስትወጪ 2000ን አልፈሻል። ከዚያ እስከ ቁልቢ ያለው ሁሉ ደጋ ነው። ከፍታው በ1000 ሜትር ሲጨምር ሙቀቱ 6 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። በዚያ ላይ ታኅሣሥ ነው። ሰማዩ ጥርት ብሎ ያድራል፣ ደመና ስለሌለ መሬቱ ቀን የያዘው ሙቀት ሌሊት ሁሉ ይወጣል። የድሬ ሰው ታኅሣሥን የሚወደው አየሩ ቀለል ስለሚልለት ነው። እዚያ ላይ ግን ቁር ነው።

አሁን አካሄዱን ተመልከቺ። ከድሬ ስትነሺ በቲሸርት ነሽ። ዳገቱን ስትይዢው ላብ በላብ ትሆኛለሽ፤ ሹራብ ደርቦ የተነሳ ሁሉ ብዙ ሳይሄድ አውልቆ ወገቡ ላይ ያስረዋል። አናቱ ላይ ነፋስ ይቀበላችኋል። ሁሉም ያርፋል፣ ሻይ ይጠጣል። ላቡን የጠጣው የጥጥ ቲሸርት ግን ጀርባ ላይ እንደተለጠፈ ነው። ነፋሱ ሲያገኘው ይቀዘቅዛል፣ ሰው መንቀጥቀጥ ይጀምራል። «ደንገጎ ላይ ብርድ መታኝ» የሚባለው አብዛኛው ይሄ ነው።

መፍትሔው ርካሽ ነው። አንድ ደረቅ ቲሸርት በፌስታል ጠቅልለሽ ያዢ። አይሱዙው ላይ አይደለም፣ ጀርባሽ ላይ። አናቱ ላይ እንደደረሳችሁ፣ ሳትቀመጪ፣ ላቡ ሳይቀዘቅዝ ቀይሪ። ሁለት ሴቶች ነጠላ ወጥረው ይይዙልሻል። ከዚያ ሹራብ፣ ከሹራቡ በላይ ነፋስ የማያስገባ ስስ ጃኬት። አንድ ወፍራም ካፖርት ከመሸከም ሁለት ሦስት ስስ ልብስ መደረብ ይሻላል። ሲሞቅሽ አንዱን ታወልቂያለሽ፣ ሲበርድሽ ትመልሺዋለሽ። ጆሮ የሚሸፍን ኮፍያ ጨምሪ፣ ነጠላው ብቻውን ነፋስ አይከለክልም።

ለዳገቱ የምትለብሽው ቲሸርት ኳስ ተጫዋቾች የሚለብሱት ዓይነት፣ ቶሎ የሚደርቀው ቢሆን ጥሩ ነው። ከቀሚሱ ሥር ስለሆነ ማንም አያየውም።

የሳቢያን_እናት

ልጄ፣ የሀበሻ ቀሚስሽን ለመንገድ አትልበሺው። ጥልፉ ያሳዝናል፣ ጫፉ አቧራ ይጠርጋል፣ ዳገት ላይ ረግጠሽው ትወድቂያለሽ። ለመንገድ ከቁርጭምጭሚት ትንሽ ከፍ ያለ፣ ሰፋ ያለ፣ ለማጠብ የማያስቸግር ቀሚስ ልበሺ። ወገብሽን በመቀነት ጠበቅ አድርጊ፤ ዳገቱ ሲጠና የቀሚሱን ጫፍ መቀነቱ ውስጥ ሻጥ ታደርጊዋለሽ። ከሥሩ ታይት ወይም ስስ ሱሪ ይሁን። እኛ በወጣትነታችን ታይት ስለማናውቅ የወንዶቹን ፒጃማ ነበር የምናደርገው። ብርዱንም ይከለክላል፣ የጭን መፋተጉንም። ወፈር ያልን ሰዎች ይሄን ነገር እናውቀዋለን።

ነጠላ ሁለት ያስፈልግሻል። አንዱ ያረጀው ለመንገድ ነው። ፀሐይ ሲበረታ ትከናነቢዋለሽ፣ መኪና አቧራ ሲያስነሳ አፍንጫሽን ትሸፍኚበታለሽ፣ ስታርፊ ታነጥፊዋለሽ። ሁለተኛው ታጥቦ ተተኩሶ፣ በፌስታል ታሽጎ፣ ከሀበሻ ቀሚስሽ ጋር አይሱዙው ላይ ይጫን። ቁልቢ ገብተሽ እግርሽንና ፊትሽን ስትታጠቢ ያኔ ትቀይሪያለሽ። ነጭ ነው ብለሽ አንዱን ነጠላ ለሁሉም ካደረግሽው ለቅዳሴ የምትደርሺው ቡና ዓይነት መልክ ይዞ ነው።

ጽኑ_ዓለት

ይቅርታ አድርጉልኝና ይሄ መንፈሳዊ ጉዞ ነው ወይስ ሽርሽር? የኳስ ቲሸርት፣ ታይት፣ ጃኬት... ሴት ልጅ ሱሪ አድርጋ ወደ ገብርኤል? አባቶቻችን በባዶ እግራቸው፣ አንዳንዶቹም ድንጋይ ተሸክመው ነው የሄዱት። ምቾት የፈለገ በመኪና ይሂድ።

የደንገጎ_አቋራጭ

ወንድሜ፣ ከላይ ቀሚስ ለብሳለች እኮ። ከሥሩ ያለውን አንተን ማን ጠየቀህ?

የሳቢያን_እናት

ልጄ ጽኑ፣ እኔ በባዶ እግራቸው ከሚሄዱት ነኝ። ስለቴ ነው፤ ጉልበቴ እስከፈቀደ እፈጽመዋለሁ። ግን የኔ ስለት የኔ ነው። ይቺ ልጅ ያልተሳለችውን ለምን ትከፍላለች? ድንጋይ ከሚሸከሙትም ጋር ብዙ መንገድ ሄጃለሁ። ማታ ሲሆን እነሱም ሹራብ ይፈልጋሉ።

አወያይ

የሱሪውን ክርክር እዚህ ላይ እናቁመው። የየማኅበሩ ካህን አለ፣ የንስሐ አባት አለ፣ እነሱን መጠየቅ ይቻላል። ስልክ ቁጥር የጻፋችሁ ሰዎች መልእክታችሁ ተነስቷል። እዚህ አይለጠፍም።

ሲስተር_ለገሀሬ

ስለ እግር ማንም በደንብ ስላላነሳ እኔ ልግባ። ሥራዬም ነው።

ከድሬ ቁልቢ በአስፋልቱ 70 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ ነው። አዲስ ጫማ እዚህ ላይ አይመረቅም። በደንብ የለመድሽው፣ ሶሉ ያላለቀ ስኒከር ይሁን። ብዙ ሰዓት ስትሄጂ እግር ያብጣል፣ ስለዚህ ከፊቱ ጣቶችሽ የሚላወሱበት ቦታ ይኑረው። ጥፍርሽን ቀደም ብለሽ ቁረጪ። ከመነሳትሽ በፊት በጣቶችሽ መሃልና ተረከዝሽ ላይ ቫዝሊን ተቀቢ። ካልሲ ቢያንስ ሁለት መቀየሪያ፣ እነሱም ጀርባሽ ላይ። እርጥብ ካልሲ ነው እግርን የሚልጠው። በየዕረፍቱ ጫማሽን አውልቂ፣ እግርሽን አናፍሺ፣ ካልሲ ቀይሪ። ያወለቅሽውን ቦርሳሽ ላይ አንጠልጥዪው፣ እየሄድሽ ይደርቃል። ማንም ከማንም አያፍርም።

ተረከዝሽ ማቃጠል ሲጀምር ያኔውኑ ቁሚ። «ትንሽ ልሂድና» ካልሽ ውሃ ይቋጥራል። ሲያቃጥል ፕላስተር ከለጠፍሽበት ብዙ ጊዜ እዚያው ላይ ይቆማል። ውሃ ከቋጠረም በመርፌ አትውጊው። በመርፌ ክር አሳልፎ መተው የሚባለው ነገር ቆሻሻ ማስገባት ነው። ራሱ ከፈነዳ በንጹሕ ውሃ አጥበሽ በጎዝ ሸፍኚው።

ስኳር ያለባችሁ እባካችሁ በባዶ እግር አትሂዱ። ስኳር የእግርን ስሜት ስለሚቀንስ ድንጋይ ቢቆርጣችሁ፣ አስፋልቱ ቢያቃጥላችሁ ላታውቁት ትችላላችሁ። ቁስሉ ደግሞ ቶሎ አይድንም። ኪሳችሁ ውስጥ ከረሜላ ይኑር። ላብ ላብ ካላችሁና እጃችሁ ከተንቀጠቀጠ የዳገቱ ነው ብላችሁ አትለፉት፣ ስኳሩ ወርዶ ሊሆን ይችላል። መድኃኒታችሁ ከእናንተ አይለይ። ኢንሱሊን ደግሞ ፀሐይ የሚመታው አይሱዙ ላይ ከተጫነ ይበላሻል። ጾሙን በተመለከተ የታመመ ሰው ከጉዞው በፊት ሐኪሙንም የንስሐ አባቱንም ያማክር።

የከዚራዋ

ሲስተር እግዜር ይስጥልኝ። ሌላ ነገር ልጠይቅሽ፦ ተራራ ሲወጣ ከፍታ ያማል ይላሉ። ደንገጎ ላይም አለ እንዴ?

ሲስተር_ለገሀሬ

እዚህ ከፍታ ላይ ጤነኛ ሰው እምብዛም አይታመምም። የሚያስቸግረው ፍጥነቱ ነው። በቡድን ስትሄዱ ወጣቶቹ ከፊት ይከንፋሉ፣ ከኋላ ያለው ለመድረስ ይሮጣል። ከጎንሽ ካለችው ልጅ ጋር እያወራሽ መውጣት ካልቻልሽ ፈጥነሻል ማለት ነው። መዝሙሩም የሚጠቅመው ለዚህ ነው፤ እየዘመረ የሚወጣ ሰው ከአቅሙ በላይ አይሮጥም።

ለሌሊቱ ዳገት ሁለት ሊትር ውሃ ይበቃሻል። አንዱ ሃይላንድ ላይ ለምለም (ኦ አር ኤስ) በጥብጪበት፤ አንዱ ከረጢት በአንድ ሊትር ውሃ ነው። ጠጥተሽ ስትጨርሺ ሃይላንዱን አትጣዪው፣ ለፀበል ይሆንሻል።

የአይሱዙ_ሹፌር

እኔ ሙስሊም ነኝ፣ ግን የቁልቢን ሻንጣ ስጭን ኖሬያለሁ። የጎረቤት እናቶች ዕቃቸውን ለሌላ ሹፌር አይሰጡም። ስለዚህ በሻንጣው በኩል እኔን ስሚኝ።

አይሱዙው እንደማይደርስ አድርገሽ ያዢ። ሹፌሩ ሰነፍ ሆኖ አይደለም። በ18 ከደንገጎ በኋላ ያለው መንገድ ከሐረርም፣ ከድሬም የሚመጣውን መኪና ሁሉ ይዞ ነው የሚውለው። ቁልቢ አቅራቢያ መኪና ከሰው እኩል ነው የሚሄደው፣ አንዳንዴ ሰው ይቀድመዋል። አይሱዙው ቢደርስም የት እንደሚያቆሙት አይታወቅም። እናንተ እዚህ፣ ሻንጣው እዚያ ማዶ። ስለዚህ ማታ ስትደርሺ ቶሎ የሚያስፈልግሽ ነገር ሁሉ ጀርባሽ ላይ ይኑር፦ መድኃኒት፣ ገንዘብ፣ መታወቂያ፣ ደረቅ ልብስ፣ ጋቢ። አይሱዙ ላይ የሚጫነው ቢዘገይ የማያስለቅስ ነገር ነው።

ደረቅ ሻንጣ አታምጪ። ሌላ ሻንጣ ላይ ሲጫን ይሰበራል፣ ከሥር ያለውንም ይሰብራል። ጨርቅ ቦርሳ ጥሩ ነው። የሁሉም ቦርሳ ጥቁር ስለሆነ እጀታው ላይ ደማቅ ቀለም ያለው እራፊ እሰሪበት፣ ስምሽንም ጻፊበት። ሌሊት በባትሪ መቶ ጥቁር ቦርሳ መሃል የራስን መፈለግ ይሰለቻል። ዘይት ያለበት ወጥ ከነጠላ ጋር አይታሸግ።

ሌላው ደግሞ ከሹፌር ወንበር ብቻ የሚታይ ነገር ነው። የደንገጎ መንገድ ጥምዝምዝ ነው፣ ሲኖትራክም ይመላለስበታል። ሌሊት ነጭ የለበሰ ሰው ከሩቅ ይታየኛል። ችግሩ ሲበርዳችሁ ጥቁር ጃኬት ከላይ ትለብሳላችሁ፣ ያኔ ጠፋችሁ። ጃኬቱን ልበሱ፣ ግን ነጠላውን ከጃኬቱ በላይ አድርጉት። ባትሪ ያለው አንድ ሰው ከፊት፣ አንድ ሰው ከኋላ ይሁን። መሃል ያለው ሁሉ የስልክ መብራት እያበራ ዓይናችንን ባያጠፋን ደስ ይለናል። የምትሄዱት በግራ በኩል ነው፣ የሚመጣው መኪና ፊት ለፊት እንዲታያችሁ። በአንድ ረድፍ ሂዱ። ተጠማዞው ላይ ቆሞ ሰልፊ የሚነሳ ልጅ ካለ እኔን ይጥራኝ።

የደንገጎ_አቋራጭ

ሹፌሩ ያለው ሁሉ ልክ ነው፣ ጋቢው ላይ ግን አልስማማም። ጋቢ ከባድ ነው። ዳገቱን በጀርባ ይዞ መውጣት ቅጣት ነው። አናቱ ድረስ አይሱዙው ላይ ይሁን፣ እዚያ ስትገናኙ ውሰጂው።

የአይሱዙ_ሹፌር

ካልተገናኛችሁስ?

የሸዋ_በር_ልጅ

ከሐረር ነኝ። የጋቢውን ነገር ለሁለት ሴቶች አንድ ጋቢ አድርጋችሁ ተፈራረቁበት። ለሁለት ሰው ሲሆን ሙቀቱም ይበልጣል። እኔ ሹፌሩን እደግፋለሁ፣ ጋቢ ከሰው መለየት የለበትም።

ሐረር 1885 ሜትር ላይ ስለሆነች እኛ ብርድ እናውቃለን፣ ከድሬ የሚመጡ ወዳጆቻችንን እያየን ትንሽ እንስቃለን። ይቅር በሉን። ግን አንድ የታዘብኩት አለ። የድሬ ሰው ላዩን ብቻ ይደርብና ከሥሩ ያለውን ይረሳል። ማታ ሜዳ ላይ ስትተኙ ዋናው ብርድ የሚመጣው ከመሬቱ ነው። መጀመሪያ ካርቶን፣ ከካርቶኑ በላይ ላስቲክ ወይም ምንጣፍ፣ ከዚያ የጋቢው ግማሽ ከሥር፣ ግማሹ ከላይ። ካርቶን ከየትኛውም ሱቅ ደጃፍ ይገኛል፣ አይሱዙ ላይ ተጣጥፎ ይጫናል፣ ባይደርስም አያስለቅስም። የአልጋ ነገር ደግሞ ቀድሞ ያልያዘ ሰው በበዓሉ ሰሞን ባያስበው ይሻላል።

ስንቅ፦ ነቢያት ጾም ላይ ስለሚውል ሁሉም የጾም ነው። ኅዳር 15 የገባው ጾም እስከ ገና ዋዜማ ድረስ አለ። የባቢሌ ለውዝ ያዙ፣ በቅርባችን እያለ ለምን ብስኩት ትሸከማላችሁ? በጨው የተቆላ ከሆነ በላብ የወጣውን ጨው ይመልሳል። ተምር ያዙ። በሶ ያዙ፣ ግን በደረቁ አትቃሙት፣ አፍ ያደርቃል፣ በውሃ በጥብጡት። ዳቦ ቆሎ ለወጣት ጥርስ ነው። አንድ ሰው ፔርሙዝ ይያዝ፣ ቁጢ (የቡና ቅጠል ሻይ) አፍልታችሁ ሙሉት። ደንገጎ አናት ላይ ትኩስ ቁጢ የሚያቀብል ሰው የማኅበሩ ሊቀመንበር ይሆናል። እንጀራና ወጥ ለ18 ምሳ ብቻ ነው፣ ከዚያ በላይ አያድርም።

ስለተኛው

ሰላም። እኔ ደግሞ የተሳልኩት ጥላ ነው። ትልቁን፣ ዘርፍ ያለውን። ተሸክሜው ዳገቱን ልውጣ ወይስ አይሱዙ ላይ ልጫነው? እንዳይቀደድብኝ ፈራሁ።

የሸዋ_በር_ልጅ

ራስ መኮንን ወደ አድዋ ሲሄዱ ቁልቢ ላይ ተስለው፣ በድል ሲመለሱ ነው ቤተ ክርስቲያኑን ያሠሩት። እሳቸው ቤተ ክርስቲያን ካሠሩ አንተ ጥላ ብትሸከም ምን አለ? ቀልዴን ነው።

ከምሬ ግን፣ ዳገቱ ላይ ነፋስ ስላለ ጥላ ተዘርግቶ አይወጣም። ዘርፉን ወደ ውስጥ አጥፈህ፣ በንጹሕ አንሶላ ጠቅልለህ፣ ሁለት ቦታ ላይ እሰረው፣ እንደ ዱላ ትከሻህ ላይ ይሆናል። ከጓደኞችህ ጋር ተቀባበሉት። አይሱዙ ላይ ከጫንከው ደግሞ ከሁሉም ሻንጣ በላይ ይሁን፣ ሰውም አይቀመጥበት። የምትዘረጋው ቁልቢ ከደረስክ በኋላ ነው። ሻማና ጧፍ የተሳላችሁም ድሬ ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ አትተዉት፣ ይቀልጣል።

የታይዋኑ

ውድ ደንበኞች፣ ጃኬት፣ የግንባር ባትሪ፣ ፓወር ባንክ፣ የእንቅልፍ ቦርሳ፣ ሁሉም ድሬ ታይዋን ገበያ አለ። ለጉዞ ማኅበር ቅናሽ አደርጋለሁ።

የደንገጎ_አቋራጭ

ይኸው መጣ ነጋዴው። እስኪ የኢንተርኔት ፎቶ ሳይሆን ዕቃውን አሳየን። የከዚራዋ፣ ለአንድ ሌሊት ብለሽ አዲስ ጃኬት አትግዢ። ቀፊራ ሰልባጅ ተራ ሂጂ። ነፋስ ያስገባ እንደሆነ ለማወቅ ጨርቁን አፍሽ ላይ ለጥፈሽ ንፊበት፣ ትንፋሽሽ ወዲያ ማዶ ከወጣ ተዪው። ዚፑን ሁለት ሦስቴ ክፈቺ ዝጊ። በደንብ አጥቢው። የግንባር ባትሪውን ግን ከሰውዬው ግዢ፣ እጅሽ ነጻ ይሆናል። ደረቅ ባትሪ የሚቀበል ይሁን፣ ቻርጅ ብቻ የሚሠራው መንገድ ላይ ካለቀ አለቀ።

የታይዋኑ

እሺ፣ ስለ ባትሪው ተመስገን።

የከዚራዋ

እየሳቅኩ ነው የማነበው። ሁሉንም እየጻፍኩ ነው። የሳቢያን እናት፣ ሴቶች ብቻ የሚያውቁት ሌላ ነገር ካለ ንገሩኝ፣ በውስጥ መልእክትም ይሁን።

የሳቢያን_እናት

በውስጥ ምን አለው ልጄ፣ ሁሉም ሴት ይስማ። ሞዴስ ያዢ፣ ቀንሽ ባይሆንም ያዢ። ድካምና እንቅልፍ ማጣት ቀን ያዛባል፣ ሌሊት ዳገት ላይ ደግሞ ሱቅ የለም። ለሌላዋም ይተርፋል። ከመጣብሽ አትደንግጪ፣ ተመለሺ የሚልሽ የለም። ወደ ውስጥ አትገቢም እንጂ ከውጭ ቆመሽ ታስቀድሻለሽ። ቅዳሴው በድምፅ ማጉያ እስከ ሜዳው ይሰማል፣ ሕዝቡም ቢሆን አብዛኛው ከውጭ ነው የሚያስቀድሰው።

ሶፍትና ሳሙና ያዢ። ለመጸዳዳት ስትወጪ ብቻሽን አትሂጂ፣ ሦስት ሆናችሁ ሂዱ፣ አንዷ ባትሪ ትያዝ። ሰፊ ቀሚስ ያልኩሽ ለዚህም ነው።

ወርቅሽን ቤት ተዪው። የሠርግ ቀለበትም ቢሆን። የስለት ገንዘብሽን በመሐረብ ቋጥረሽ ከልብስሽ ሥር እሰሪው፣ ለሻይና ለውሃ የሚሆን ዝርዝር ብቻ ኪስሽ ውስጥ ይሁን። ግፊያው ውስጥ ቦርሳሽን ወደ ሆድሽ አዙሪው። መቁረጫ ቢላ አትያዢ፣ ፍተሻ ላይ ይቀሙሻል። ብርቱካን በጥፍርም ይላጣል።

ሲስተር_ለገሀሬ

በዚህ ላይ ስለ ስልክ ልጨምር። በ18 ማታ ቁልቢ ላይ ያ ሁሉ ሰው ሲደውል ኔትወርክ አይገኝም። «ስደርስ እደውላለሁ» አይሠራም። ስትነሱ አንድ የመገናኛ ቦታና ሰዓት ተነጋገሩ። ልጅ የያዘ ሰው የስልክ ቁጥሩን በወረቀት ጽፎ ልጁ ኪስ ውስጥ ይክተት፣ ክንዱ ላይም በእስክሪብቶ ይጻፍበት። አረጋውያንም እንደዚያው። ሕፃን የምታዝሉ እናቶች፣ እናንተ እየሄዳችሁ ስለሆነ ይሞቃችኋል፣ ልጁ ግን አይንቀሳቀስም። እግሩንና ጆሮውን በየጊዜው ዳሱት።

ጽኑ_ዓለት

ጫማ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ጥሎ መግባት ነው እንግዲህ። ስንቱ ስኒከር ይጠፋል። በባዶ እግር የሄደ ሰው ይሄ ችግር የለበትም።

የደንገጎ_አቋራጭ

ይቺን አሸንፈሃል። ለኛ ለጫማዎቹ፦ ጫማሽን አውልቀሽ በፌስታል ቋጥረሽ ይዘሽው ግቢ፣ በር ላይ አትተዪው። ጠንካራ ፌስታል ሦስት አራት ያዢ። አንዱ ለጫማ፣ አንዱ ለእርጥብ ልብስ፣ አንዱ ለቆሻሻ። ነጠላ ጫማ ደግሞ አይሱዙው ላይ ጫኚ፣ ቁልቢ ስትገቢ ያበጠ እግር ስኒከር ውስጥ ተመልሶ መግባት አይፈልግም።

የከዚራዋ

እሺ፣ ጀርባዬ ላይ የሚሆነውን ልበላችሁ፣ ከበዛ ቀንሱልኝ፦ ደረቅ ቲሸርት፣ ሹራብ፣ ስስ ጃኬት፣ ኮፍያ፣ ሁለት ካልሲ፣ ሁለት ሊትር ውሃ፣ ለውዝና ተምር፣ በሶ፣ ቫዝሊንና ፕላስተር፣ ለምለም፣ ሞዴስ፣ ሶፍት፣ የግንባር ባትሪ፣ መታወቂያ፣ ገንዘብ፣ ፌስታሎች። ጋቢውን ከጓደኛዬ ጋር ተፈራርቀን። ሳስበው ራሱ ከበደኝ።

የአይሱዙ_ሹፌር

ውሃው ነው የከበደሽ፣ እሱ እየተጠጣ ይቀላል። በሶውን ወደኔ ላኪው፣ ለ18 ነው የሚያስፈልግሽ። ሌላው ይሁን።

ሲስተር_ለገሀሬ

ከመነሳትሽ በፊት ይሄንኑ ቦርሳ ይዘሽ ከቤትሽ እስከ ሳቢያን ደርሰሽ ተመለሺ፣ በዚያው ጫማ። ትከሻሽን የሚቆርጥሽ፣ ተረከዝሽን የሚያቃጥልሽ ካለ እዚሁ ታውቂዋለሽ። ባጃጅም አለልሽ።

የገንደ_ቆሬ_ወጣት

ዘግይቼ መጣሁ፣ ይቅርታ። እኛ ደግሞ የሐምሌውን 19 ነው ያሰብነው። ይሄው ዝርዝር ይሠራል?

የደንገጎ_አቋራጭ

አይሠራም። ሐምሌ ክረምት ነው። ጋቢውን እርሳው፣ ዝናብ ከጠጣ በኋላ የሚሸከመው ሰው ይፈልጋል፣ እዚያ ደግሞ በቀላሉ አይደርቅም። በምትኩ ቀላል ብርድ ልብስ በወፍራም ላስቲክ ጠቅልል። ዣንጥላ ዳገት ላይ ነፋስ ይገለብጠዋል፣ ኮፍያ ያለው የዝናብ ልብስ ይሻላል። ቦርሳህን ከውጭ በፌስታል ብትሸፍነውም ውሃ መግባቱ አይቀርም፤ ውስጡ ያለውን ልብስ በትልቅ ፌስታል አድርገህ ቋጥረው። አቋራጭ የእግር መንገዱን ተው፣ ጭቃው ያንሸራትታል፣ በአስፋልቱ ዳር ሂድ። ነጭ ሱሪህን እስከ ጉልበትህ ጠቅልለው ወይም ቁልቢ ስትደርስ ቀይረው።

የአይሱዙ_ሹፌር

ለሐምሌ ሹፌሩን አይሱዙው ሸራ እንዳለው ቀድማችሁ ጠይቁት። ሳትጠይቁ ከተነሳችሁ ሻንጣው ከናንተ በፊት ይጠመቃል።